ክረምት ላይ ጫካ ለሚገባ ሰው ሁለተኛ መኪና ይሻላል ወይስ ቦቲ ያጠለቀ ጓደኛ?

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ካዛንቺስ ነኝ፣ መኪናዬ ባለ ሁለት በሯ የድሮ ቪታራ ናት፣ ማንዋል፣ ሎው (ቀስ ብሎ በጉልበት የሚያስኬድ ተጨማሪ ማርሽ) ያላት። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ክረምት ሲገባ ጭቃ ያለበት የጫካ መንገድ መንዳት እንወዳለን፣ ብዙ ጊዜ በሰበታ በኩል ሱባ፣ አንዳንዴ ጊንጪ ጋ ያለው ቺሊሞ፣ ሰዓት ካጠረን ደሞ ከእንጦጦ ጀርባ። እና በቅርቡ ስታዲየም አካባቢ ቡና ስንጠጣ ሰዎች በአንድ መኪና ጫካ መግባት እብደት ነው፣ ሁለት መኪና ከሌላችሁ ቤታችሁ ተቀመጡ አሉን። አልተዋጠልኝም። የኔ ነጥብ እንዲህ ነው፣ መኪና ጭቃ ውስጥ የሚቀረው መኪና ስላነሰ ሳይሆን ሾፌሩ ሳይወርድ ስለገባ ነው። ሁለት መኪና ሲኮን ሁሉም መሪ ይዞ ይቀመጣል፣ የፊተኛው ቢይዘኝ ይጎትተኛል ብሎ ሳያይ ይገባል፣ የኋለኛው የሱን ጎማ ተከትሎ ይገባል፣ በቃ ሁለቱም እዛው። ወርዶ፣ ቦቲ አጥልቆ፣ ዱላ ይዞ መንገዱን በእግሩ የሚሞክር ጓደኛ ግን ከዊንችም (መኪናው ላይ ከሚገጠም የገመድ መጎተቻ) ከሁለተኛ መኪናም ይበልጣል። የማትስማሙ አስረዱኝ ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ በጣም ስለበዛና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም አንብቦ ስለማይዘልቀው ማን ምን እንዳለ በቁጥር እየሄድኩ እዚሁ ላስቀምጥ፣ የራሴንም መሀል መሀል እላለሁ።

መልስ 1 ከመገናኛ የጻፈች ልጅ ናት። በአክብሮት አመስግና፣ ከወንድሟ ጋር ስትሄድ ሁሌ የምትወርደው እሷ እንደሆነች፣ ወንድሟ ግን ወርዳ አይታ የነገረችውን አንዴም ሰምቶ እንደማያውቅ ጻፈች። ስለዚህ የሚወርድ ሰው መኖሩ ብቻውን ምንም አይደለም፣ የሚሰማ ሾፌርም ይኑር አለች። ልክ ናት፣ ወደታች 22 ቁጥር በሰፊው ይመለስበታል።

መልስ 2 የሳሪስ ሰው ነው፣ በጣም ትሁት፣ ግን ሙሉ በሙሉ ነው የተቃወመኝ። ቺሊሞ ውስጥ ከጓደኛው ጋር በአንድ ፒካፕ ገብተው አመሻሽ ላይ ዲፍረንሻሉ (ከስር ያለው፣ ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው) መሀል ጉብታው ላይ ቁጭ ብሎ ጎማዎቹ ባሉበት መዞር እንደጀመሩ፣ ክሪክ አውጥተው ሊያነሱት ሲሞክሩ መኪናው ከፍ በማለት ፈንታ ክሪኩ ወደ ታች እንደሄደ፣ ኔትወርክ እንደሌለ፣ ብርዱ ሲጠናባቸው ሞተር አስነስተው ማሞቂያ ከፍተው እንዳደሩ ተረከልን። ሁለተኛ መኪና ቢኖር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር ይላል። ጓደኛውም እኮ ወርዶ አይቶ ነበር፣ ግን ሁለቱም ያዩት ላይ ላዩን ነበር አለ፣ ይሄንን በቅንነት በመናገሩ አክብሬዋለሁ።

መልስ 3 ግን ስለ መጎተቱ ምንም አላለም፣ የደነገጠው ስለ ማደራቸው ነው። የኋላው ጭቃ ውስጥ የተቀመጠ መኪና የማርሚታው አፍ ይደፈናል፣ ወይም ጭሱ ከስር ተመልሶ ውስጥ ይገባል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰውዬው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ነው የሚሞተው። ስለዚህ ብርድ ልብስና ጃኬት መኪና ውስጥ ይኑር፣ ሞተር ይጥፋ፣ የግድ ከሆነ ደሞ የጭሱን ቱቦ ዙሪያውን በአካፋ ጠርጎ፣ መስኮት ገርበብ አድርጎ፣ ማንም ሳይተኛ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ማስነሳት። ስለ ክሪኩም ጨመረ፣ ከስሩ 40 ሳንቲም በ40 ሳንቲም የሚሆን ወፍራም ሳንቃ ካልተደረገ ጭቃ ላይ ክሪክ ዋጋ የለውም። እኔ የምለው ይሄን ሁሉ ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ሌላውን ይዝለልና ይቺን 3 ቁጥርን ያንብባት፣ አብሮት ለሚሄደውም ሰው ይንገረው።

መልስ 4 ጥያቄውን ራሱን አስተካከለው። ሱባ የሄደ ሰው የሚይዘው ጫካው ውስጥ አይደለም፣ ጫካው ጋ ሳይደርስ ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ነው አለ። መረሬው በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ የጎማውን ጥርስ መሀል ለመሀል ሞልቶት ጎማው ልሙጥ ይሆናል፣ ከዛ ፎር ዊል ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም። ጫካው ውስጥ ግን የዛፍ ሥርና የበሰበሰ ቅጠል መሬቱን ይዞታል፣ ከላይ ያዳልጣል እንጂ ከስር ጠንካራ ነው። ስለዚህ አነዳዱም ይለያያል፣ ድጡ ላይ ቀስ ብሎ፣ ቤንዚን በትንሹ እየሰጡ፣ ፍሬን ሳይነኩ። ማጡ ላይ ግን ከመግባት በፊት ማርሹን መርጦ፣ መሀል ላይ ሳይቀይሩና ሳይቆሙ በአንድ ፍጥነት መውጣት። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸውና ድጥ ላይ ሮጦ ቦይ ይገባል፣ ማጥ ላይ ፈርቶ ይቆማል። እኔም ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ጫካ ውስጥ በሰላም ውለው ሲመለሱ አስፋልቱ እየታያቸው ሜዳው ላይ የሚቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

መልስ 5 ሁላችሁም ጋሼ እያላችሁ ያመሰገናችኋቸው ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ላይ ሾፌር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ስድስት ኪሎ ነው የሚኖሩት። ከሁሉም ረጅም የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት የሳቸውን ነው። ድሮ የጭነት መኪና ያለ ረዳት አይንቀሳቀስም ነበር፣ ረዳቱ ደሞ ጭነት ለመቁጠር ብቻ አልነበረም የሚሄደው፣ ታኮ ይዞ ዳገት ላይ የሚሮጠው እሱ ነው፣ ውሃ ሲያጋጥም ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፣ እና ሾፌሩ የሱን እጅ ሳያይ ጎማ አያዞርም ይላሉ። ውሃ ያቆረ ቦታ ላይ ረዳቱ ዱላ ሲወጋ ምን ያህል እንደገባ ብቻ አይደለም የሚያየው፣ ሲያወጣውም ያየዋል። ጫፉ ጠጠር ከነካ እጅ ላይ ይታወቃል፣ እንደ ቅቤ ገብቶ ሲያወጡት መልሶ የሚስብ ከሆነ ግን ዞር ነው፣ ሌላ መንገድ ፈልግ ነው። የጎማው መሄጃ ሁለት ስለሆነ ደሞ በግራም በቀኝም፣ መግቢያውም መውጫውም ላይ መወጋት አለበት፣ ብዙ ሰው መግቢያውን ብቻ ነክቶ ይመለሳል አሉ። የ2 ቁጥሩን ሰውዬ የያዘው ይሄ ይመስለኛል፣ ጎማው የሚሄድበትን አይተዋል፣ መሀሉ ላይ ያለውን ጉብታ ከፍታ ግን ማንም አልለካውም።

ጋሼ ስለ ቁልቁለትም ጻፉ። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴ ላይ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣና ሐረና ጫካን ሰንጥቆ ወደ ዶሎ መና የሚወርደውን መንገድ በዝናብ በላንድክሩዘር ወርደውታል። እዛ ቁልቁለት ላይ ሎው፣ አንደኛ ማርሽ፣ እግር ከፍሬኑም ከፍሪሲዮኑም ላይ ይነሳል። ፍሪሲዮን የረገጠ ሰው ሞተሩ የያዘለትን መኪና ለቀቀው ማለት ነው፣ መኪናው ሲሮጥ ይደነግጥና ፍሬን ይይዛል፣ ጎማው ይቆለፋል፣ ከዛ በኋላ መሪ የሚባል ነገር የለም። የኋላው መንሸራተት ከጀመረ ጎማው እንደገና መዞር እንዲጀምር ትንሽ ነዳጅ መስጠት ነው አሉ፣ እግር እምቢ ይላል ግን ልምምድ ነው። ሌላው የድሮ ሞዴል ፎር ዊል ያላችሁ የፊት ጎማው ሀብ (የጎማው እምብርት) በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ አስፋልት ዳር ቆማችሁ ቆልፉ፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካችሁ ሀብ ስትፈልጉ እንዳትገኙ አሉ።

መልስ 6፣ 7 እና 8 ወደ መኪና ማወዳደር ሄዱ፣ የሚጠበቅ ነው። አንዱ ላዳ ኒቫ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ እስካሁን እየተመረተ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይሰራል፣ ሎውም መሀል ዲፍረንሻል መቆለፊያም አለው ብሎ ተከራከረ። ሌላው ራቭ ፎር ይበቃል ሲል 8 ቁጥር ራቭ ፎር ሎው እንደሌለው አስታወሰው። እሱ ያለው ነገር ለኛ አገር ይጠቅማል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ገደማ ያጣል፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ስትወጣ ሞተርህ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ትቶ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ሎው ቅንጦት አይደለም።

መልስ 9 ጎማ ማስተንፈስን አነሳ፣ ለቀላል መኪና ወደ 18 ፒኤስአይ ዝቅ ቢደረግ ጎማው ተዘርግቶ ብዙ መሬት ይይዛል አለ። መልስ 10 ሥራው ጎሚስታ ነው፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ አረመው። ካላማዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ያለው ጎማ በጣም ከተነፈሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና የካላማዳሪውን አፍ ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ባለ ካላማዳሪ የሆነ ሰው ብዙ አይቀንስ፣ ሁሉም ደሞ አስፋልት እንደነካ ሳይነፋ እንዳይሮጥ፣ በቀነሰ ጎማ አስፋልት ላይ የሄደ ሰው ጎማው ውስጥ ውስጡን ግሎ እንደሚበላ በየሳምንቱ አያለሁ አለ። ከሲጋራ ማቀጣጠያው የሚሰራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያዙ ብሎ ጨረሰ።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ጨዋ ነበር። መልስ 11 መኪና ሲይዝ በገጀራ ቅርንጫፍ ቆርጦ ጎማ ስር ማድረግ ነው፣ ምንም አይደል ጫካ አይደል ብሎ ሲጽፍ ነው ነገሩ የተቀየረው። መልስ 12 በጣም ተቆጣ። ሱባ በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ የተተከለ ነው ተብሎ የሚነገርለት ጫካ ነው፣ እዛ ያለ ጥድና ዝግባ ስንት ትውልድ አልፎ የደረሰ ነው፣ ላንተ የቅዳሜ መዝናኛ ጎማ ስር የሚነጠፍ አይደለም አለው፣ ከዚህ የጠነከረ ቃልም ጨመረበት። 11 ቁጥር ደረቅ እንጨት ማለቴ ነው ብሎ ተመለሰ። እኔ ቁጣውን እጋራለሁ። ሁለት ሳንቃ ወይም የመኪናውን ምንጣፍ መጠቀም እየተቻለ ጉሬዛ የሚኖርበትን ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ጫካ መሄዱ ራሱ አይገባኝም፣ ደረቁም ቢሆን ደኑን የሚያስተዳድረው አካል ሳይፈቅድ አይነካም።

መልስ 13 ሌላ እሳት ለኮሰ። መኪና ሲይዝ የአካባቢው ገበሬዎች ተሰብስበው ካልከፈላችሁ አንነካም ይላሉ፣ በሬ ጠምደው ለማውጣት ብዙ ብር ይጠይቃሉ፣ ይሄ ዝርፊያ ነው አለ። መልስ 14 በአንድ መስመር የሰውን መንገድ አርሰህበት ስታበቃ በነጻ ሊጎትትህ ነው ወይ ብሎ መለሰለት። ከዛ መልስ 15 መጣች፣ ቤተሰቦቿ ሆለታ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፣ እሷ አራት ኪሎ ትሰራለች። ያለ ስድብ ነው የጻፈችው ግን ከስድብ በላይ ነው የሚያምመው። መኪኖቻችን ከሄዱ በኋላ የሚቀረውን ነው የነገረችን። ጎማው የቀደደው ቦይ ውሃ ይይዛል፣ በማግስቱ ጠዋት አህያ እህል ጭና ስትመጣ ቦዩ ጥልቅ ይሁን ጥልቅ አይሁን አይታያትም፣ እግሯ ይገባል፣ ጭነቱ ይወድቃል፣ አንዳንዴ እግሯ ይሰበራል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ቦዩን ሽሽት ዳር ዳሩን ይሄዳሉ፣ መንገዱ ይሰፋል፣ የሚቀጥለው ዝናብ ያን ቦይ ተከትሎ አፈሩን ይዞት ይወርዳል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ መንገድ የነበረው ሸለቆ ይሆናል። በሬውም ቢሆን ክረምት ላይ ሲያርስ የከረመ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ሁለት ቶን መኪና ስቦ ቢጎዳ የዓመቱ እርሻ አብሮ ነው የሚሄደው፣ ዋጋውን ከዚህ አንጻር እዩት አለች።

መልስ 16 ለዚህ የሰጠው መልስ ነውር ስለሆነ አልደግመውም፣ ከተማ ሆነሽ ገበሬ ነኝ አትበይ ዓይነት ነገር ነው። ሦስት አራት ሰው ተነሳበት። ያበረዱት ጋሼ ናቸው፣ መልስ 17። ለ16 ቁጥር ልጄ ብለው ነው የጀመሩት፣ እኛ መንገድ ስንሰራ ዝናብ ከጣለ በኋላ ያልደረቀ ጥርጊያ ላይ መኪና እንዳይገባ በርሜል ደርድረን እንዘጋ ነበር፣ የገባ ሾፌር ይቀጣ ነበር፣ ምክንያቱም አንድ መኪና በእርጥቡ የሄደበትን ግሬደር ነው የሚያስተካክለው፣ ገበሬው ደሞ ግሬደር የለውም አሉ። ዝናብ እየጣለ ወይም ሌሊቱን ሲጥል ካደረ አትግቡ፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ይምታው፣ የቀደዳችሁትን በአካፋችሁ ደልድላችሁ ውጡ ብለው መከሩ። 16 ቁጥር ከዛ በኋላ አልጻፈም። እኔና ጓደኛዬ ይሄን የ15ን ነገር ቁጭ ብለን ተነጋግረንበታል፣ ከአሁን በኋላ ቦይ ከቀደድን ሳንደለድል አንወጣም ብለናል፣ እናንተም እንደዛ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

መልስ 18 ስለ መጎተት የጻፈው ሕይወት ያድናል። የተጎታች መንጠልጠያ ኳስ ላይ ገመድ ማሰር ክልክል ነው፣ ኳሱ የተሰራው ተጎታች ለመሳብ እንጂ የተቀረቀረ መኪና ለመንቀል አይደለም፣ ከተነቀለ እንደ ጥይት ነው የሚሄደው፣ በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። የብረት ካቦ ስለማይለጠጥ በቀስታ ነው የሚወጠረው፣ መሀሉ ላይ ከባድ ጃኬት ወይም ብርድ ልብስ ይጣልበት፣ ከሾፌሮቹ በቀር ሁሉም ሰው ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ፣ በተወጠረ ገመድ ላይ ማንም እንዳይራመድ። ፓራውልት ላይ ማሰርም ያው ነው፣ ፓራውልቱ ብቻ ይወጣል።

ከ19 እስከ 21 ያሉት ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው ያወሩት። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የአሮጌ ቪታራ ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ኤሌክትሪኩ ጭቃ ይችላል አይችልም፣ ባትሪው ከስር ስለሆነ ድንጋይ ቢመታውስ ምናምን። ጉልበቱ ከቆመበት ስለሚነሳ ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ የሚሸጡት አብዛኞቹ ለመሬት ቅርብ ናቸው ተብሎ አለፈ። ለብቻው ርዕስ ቢከፈትለት ጥሩ ነው።

መልስ 22 የአራት ኪሎ ሰው ነው፣ ወደ ጥያቄዬ የመለሰን እሱ ነው፣ የ1 ቁጥሯን ልጅ እየጠቀሰ። ወርዶ የሚመራው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሦስት ሰው ወርዶ ሦስቱም ግራ ቀኝ እያለ ሲጮህ ሾፌሩ የማንንም አይሰማም። ምልክቱን አስፋልት ላይ ሳላችሁ ተስማሙ፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ማለት ወዲያው ቁም፣ ጥያቄ የለም። ወርዶ የሚመራው ሰው የሚጠቁመው ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ ነው፣ የራሱን ግራ አይደለም። ይሄ ሰው ከመኪናው ፊት ቅርብ አይቆምም፣ ቁልቁል በኩል አይቆምም፣ በመኪናና በዛፍ መሀል ፈጽሞ አይገባም፣ ሾፌሩ ጓደኛውን ካላየው ማቆም ነው። ሁለቱም መንዳት ይቻሉ፣ አንዱ እግሩ ቢታጠፍ ሌላው ይዞ እንዲወጣ። የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ሰዓት ቤት ላለ ሰው ይንገሩ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ደሞ ከመነሳታቸው በፊት ከአካባቢው ሰው ያጣሩ። እኔ ለዓመታት ያልገለጽኩትን ነገር ነው እሱ የገለጸው፣ ጓደኛ ስል አጠገቤ ተቀምጦ ቪዲዮ የሚቀርጸውን ማለቴ አይደለም።

መልስ 23 የኔ ነው። አቋሜ ያው ነው፣ መጀመሪያ የሚወርድ ጓደኛ። የሳሪሱን ሰው ነገር ግን በርቀት ለየሁት፣ ሳይመሽ በእግር ወጥቶ ሰው ጋ መድረስ የሚቻልበት ቦታ አንድ መኪና ይበቃል፣ ከዛ የራቀ ከሆነ ሁለተኛ መኪና ይጨመር፣ ግን ሁለተኛውም የራሱን ወራጅ ይዞ ይምጣ፣ እና የፊተኛው ሳይወጣ አይግባ። የሳሪሱ ሰው በ24 በዚህ እንስማማ ብሎ ቀጣዩ ጊዜ በፒካፑ ሊመጣ እንደሚችል ጻፈ፣ ሳንቃም ይዞ እንደሚመጣ።

መልስ 25 መጎተቻ ገመድ የት እንደሚገዛ ጠየቀ፣ 26 ሶማሌ ተራ ሂድ፣ ግን ጫፉ የተሰፋበትን በደንብ እይ፣ የሚችለው ክብደት ያልተጻፈበት ገመድ አትግዛ፣ ቢያንስ የመኪናህን ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ የሚችል ይሁን ብሎ መለሰ። 27 ቁጥር ከሰበታ ወደ ሱባ የሚወስደው ፒስታ ዘንድሮ ገረገንቲ ፈሶበት እንደሆነ ጠይቆ እስካሁን ማንም አልመለሰለትም፣ በዚህ ሳምንት በዛ በኩል ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉለት።